ከጓዳ የወጣ ወሬ፦ ለጠባብ ፍላት ኮምቢ ቦይለር ሲመረጥ

ለንደን ውስጥ የጋዝ ባለሙያ በጠዋት የሚገኘው የቧንቧ ዕቃ መሸጫው ባንኮኒ ዘንድ ነው። ያዘዝነው ዕቃ ከመጋዘን እስኪወጣ ቡናችንን በወረቀት ኩባያ ይዘን የምናወራው አንድ ወሬ አለ፤ ከዚያ ደንበኛ ቤት ገብተን የምንናገረው ደግሞ ሌላ ነው። ባንኮኒው ዘንድ «ለዚያች ሚጢጢ ፍላት 35 ኪሎዋት የሰቀለው ማነው? ምን ሊያሞቅበት ነው?» እንባባላለን። ደንበኛው ሳሎን ስንደርስ ንግግራችን ይለሰልሳል፦ «አሪፍ ዕቃ ነው፤ የ10 ዓመት ዋስትና አለው።» ውሸት የለበትም። ግን ግማሹ ጓዳ ቀርቷል።

ዛሬ ያንን ግማሽ ላወራችሁ ነው። ወሬው የሚጠቅመው አንድ ወይም ሁለት መኝታ ቤት ያላት ፍላት ገዝታችሁ ለምትኖሩ፣ አሮጌው ቦይለር በየክረምቱ ለሚያስለቅሳችሁ ወገኖቼ ነው። ተከራዮች ከሆናችሁ ጭንቀቱ የእናንተ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ማሞቂያውንና የሙቅ ውሃውን መሣሪያ የመጠገኑን ግዴታ በአከራዩ ላይ ጥሎታል። በየዓመቱ የጋዝ ደኅንነት ምርመራ ማስደረግም የእሱ ዕዳ ነው።

ትልቁ ቁጥር የሚያወራው ስለ ሻወር ነው

ኮምቢ ቦይለር ለጠባብ ቤት የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሙቅ ውሃ በርሜል አይፈልግም፤ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ ታንከርም አያሻውም። አንዱ ሳጥን ራዲያተሮቹን ያሞቃል፤ ከመንገዱ ዋና መስመር የሚመጣውን ቀዝቃዛ ውሃም ቧንቧ እንደከፈታችሁ አሙቆ ይሰጣል። ሁለቱን ግን በአንድ ጊዜ አይሠራም። ሙቅ ውሃ ሲከፈት ውስጡ ያለው መቀየሪያ ቫልቭ አቅጣጫ ይለውጣል፤ ራዲያተሮቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ ኃይሉ ሁሉ ወደ ቧንቧው ይዞራል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 24፣ 30 ወይም 35 የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። በክረምት ከመሬት ሥር የሚመጣው ውሃ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ለሻወር 40 ዲግሪ ብንፈልግ 35 ዲግሪ መጨመር አለብን ማለት ነው። በዚህ ስሌት 24 ኪሎዋት በደቂቃ ወደ 10 ሊትር፣ 30 ኪሎዋት ከ12 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ 35 ኪሎዋት ከ14 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ሙቅ ውሃ ይሰጣሉ። አንድ ደህና ሻወር ከ8 እስከ 10 ሊትር ይበቃዋል።

ቤቱን ለማሞቅስ? ከላይም ከታችም ጎረቤት ያላት፣ መስኮቷ ድርብ መስታወት የሆነ ፍላት ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሲሆን እንኳ የምትፈልገው ብዙውን ጊዜ ከ5 ኪሎዋት አይዘልም።

«ልጄ፣ ገንዘቡ ከወጣ አይቀር ትልቁን አድርግልኝ፤ ብርድ አልችልም» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ትልቁ ግን ብርዱን አይከላከልላቸውም። ለምሳሌ በሰፊው የሚገጠመውን አይዲያል ሎጂክ ኮምቢን ውሰዱ። በ24፣ በ30 እና በ35 ይሸጣል። የሦስቱም ሳጥን ልኩ አንድ ነው፤ ወደ ራዲያተር የሚልኩት ከፍተኛ ኃይልም በሦስቱም 24 ኪሎዋት ገደማ ነው። ከ24 ወደ 35 ለመሄድ የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የገዛው የሻወር ውሃ ብቻ ነው። ይህን ባንኮኒው ዘንድ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሳሎን ውስጥ ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም።

ያ የሻወር ውሃ ራሱ እንዳይመጣ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመንገዱ ውሃ ነው። የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ባልዲ ሥሩ አድርጉ፤ በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ያዙና የገባውን ውሃ ለኩ። 10 ሊትር ብቻ ከሆነ 35 ኪሎዋት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መንገዱ ያላመጣውን ውሃ ቦይለር አይወልደውም። ከፍ ባሉ ፎቆች፣ በተለይም በአሮጌ ሕንፃዎች፣ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

ሁለተኛው የጋዝ ቧንቧው ነው። ከቆጣሪው እስከ ቦይለሩ ባለው መንገድ የጋዙ ግፊት ከ1 ሚሊባር በላይ መውደቅ የለበትም። አሮጌ ፍላቶች ውስጥ የምናገኘው ባለ 15 ሚሊሜትር ቀጭን ቧንቧ፣ በተለይ ቆጣሪው ራቅ ካለ፣ ለትልቅ ኮምቢ አይበቃም። ያን ጊዜ ባለ 22 ሚሊሜትር አዲስ ቧንቧ መዘርጋት ግድ ይሆናል። ጠባብ ቤት ውስጥ ይህ ማለት ወይ ወለል መገንጠል፣ ወይ ኮሪደሩን ሙሉ በግድግዳ ላይ የሚሄድ መዳብ ማየት ነው። ዋጋ ሲሰጣችሁ ስለ ጋዝ ቧንቧው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ «35 ላድርግልሽ» ያለ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ አልለካም ወይ በመጨረሻው ቀን ተጨማሪ ሒሳብ ያመጣል።

የበዓል ቀን ጉዳይ እንዳይረሳ። ፋሲካ ነው እንበል። ወጥ ቤት ውስጥ የድግስ ዕቃ እየታጠበ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዱ ሻወር ገብቷል። ኮምቢ ያለውን ውሃ ለሁለት ያካፍላል እንጂ አይጨምርም፤ ሻወር የገባው ሰው መጮኹ አይቀርም። ባልዲያችሁ በደቂቃ 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ካሳየና ቤቱ ሁለት መታጠቢያ ቤት ካለው 35 ኪሎዋት ትርጉም አለው። አንድ መታጠቢያ ቤት ላለው ፍላት ከ24 እስከ 30 ይበቃል፤ ዕቃ አጣቢውም ጥቂት ደቂቃ ቢታገሥ ምንም አይጎድልበትም።

ማንም የማይጠይቀው ትንሹ ቁጥር

አሁን ወደ ዋናው ሹክሹክታ እንምጣ። ቦይለር እሳቱን እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ከፍተኛው ቁጥር በማስታወቂያው ላይ አለ፤ ዝቅተኛው ግን ያለው መመሪያው ጀርባ ባለው የቴክኒክ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ለጠባብ ቤት ከሁሉ የሚበልጠው ያ ዝቅተኛው ቁጥር ነው።

ለምን? ፍላታችሁ በኦክቶበር ወይም በአፕሪል ቀን የምትፈልገው 1 ወይም 2 ኪሎዋት ነው። ቦይለሩ ከ7 ኪሎዋት በታች መውረድ ካልቻለ ይለኮሳል፣ ራዲያተሮቹን በደቂቃዎች ውስጥ ያግላል፣ ይጠፋል፣ ወዲያው እንደገና ይለኮሳል። ለአንዲት ድስት ሽሮ የድግስ ምድጃ አንድዶ ድስቷን እያወረዱ መልሶ መጣድ እንደማለት ነው። ጋዝ ይባክናል፣ ማቀጣጠያውና ማራገቢያው ያረጃሉ፣ ሌሊት ደግሞ የቦይለሩ መነሣትና መጥፋት መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። በትልቅ ቤት ይህ ሁሉ ይደበቃል፤ በሁለት ክፍል ፍላት የሚደበቅበት ቦታ የለም።

ዝቅ ማለት በመቻል ከሚታወቁት አንዱ የቪስማን ቪቶደንስ 100 ነው፤ ከከፍተኛው ኃይሉ ወደ አሥረኛው መውረድ ይችላል፤ ይኸውም ወደ 3 ኪሎዋት ገደማ። ሌሎች ኩባንያዎችም በየአዲሱ ሞዴላቸው ወደዚያ እየተጠጉ ነው፤ ርካሹ መደብ ውስጥ ግን አሁንም 5፣ 6፣ 7 ላይ የሚቆሙ አሉ። የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎችም በዚህ ይለያያሉ፤ ስለዚህ የኩባንያው ስም ብቻ መልስ አይሆንም። «ዝቅተኛው ስንት ነው?» ብላችሁ ሞዴሉን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

መለኪያ ይዛችሁ ግድግዳው ጋ ሂዱ

«ኮምፓክት» የሚለው ቃል የማይለጠፍበት ቦይለር የለም። ቃሉን ትታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። እንግሊዝ አገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦይለራችሁን ከሌሎቹ ቁም ሳጥኖች ጋር አስተካክላችሁ መደበቅ ከፈለጋችሁ ድንበሩ እሱ ነው።

አይዲያል ሎጂክ 27.8፣ ባክሲ 600 ደግሞ 28.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አላቸው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። የዉስተር ቦሽ ግሪንስታር 4000 ጥልቀቱ 31 ነው፤ ለጥቂት ይተርፋል፤ በሩ አይዘጋም ወይም የቁም ሳጥኑ ጀርባ ይቆረጣል። የቫይላንት ኢኮቴክ ፕሮ 33.8 ሲሆን ወርዱም 44 ስለሆነ ሰፋ ያለ ቁም ሳጥን ይጠይቃል። ያ ዝቅ ማለት የሚችለው ቪቶደንስ 100 ደግሞ 36 ነው። ምርጫው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፦ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደበቀውና እሳቱን በደንብ ዝቅ የሚያደርገው አንድ ሞዴል ላይሆኑ ይችላሉ።

የእኔ ምክር፣ ቦይለሩ ኮሪደር ላይ ወይም ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባዶ ግድግዳ ላይ መሰቀል ከቻለ ጥልቀቱን እርሱትና ዝቅተኛውን ኪሎዋት ተከተሉ። ወጥ ቤቱ ጠባብ ሆኖ የጥልቀቱ ትርፍ በየቀኑ ጭንቅላታችሁን የሚገጭ ከሆነ ግን ቀጭኑን ውሰዱ፤ ከቀጭኖቹም ዝቅተኛ ቁጥሩ የተሻለውን።

ካታሎጉ የሚሰጠው ልክ የባዶ ሳጥኑን ነው። ከሥር አምስት ቧንቧ ይወጣል፤ ዝገት የሚይዝ ማግኔት ማጣሪያ ይገጠማል፤ ውሃ መሙያው አለ። ከላይ የጭስ ማውጫው ክርን አለ። ከፊት ለሰርቪስ፣ እንደ ሞዴሉ፣ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቶ ያ ቦታ ከተገኘ ይበቃል። ከጎን ጥቂት ሚሊሜትር ያስፈልጋል። አናጢ ጠርቶ ቦይለሩን በሚያምር ሳጥን አጥብቆ ያሳሸገ ሰው የመጀመሪያው ብልሽት ሲመጣ ለአናጢው በድጋሚ ይከፍላል፤ እኛ መጀመሪያ የምንፈታው ቦይለሩን ሳይሆን እንጨቱን ነውና።

ባለሙያዎች እርስ በርስ የምንጠያየቀው ሌላ ነገር አለ፦ «ኤክስፓንሽን ቬሰሉ በፊት በኩል ይወጣል?» ይህ ውሃው ሲሞቅ የሚጨምረውን መጠን የሚቀበል ዕቃ ነው፤ ከዓመታት በኋላ አየሩ ያልቅበታል ወይም ሽፋኑ ይቀደዳል። በአንዳንድ ሞዴሎች ከጀርባ ስለተቀመጠ ለመቀየር ቦይለሩ ከግድግዳ መውረድ አለበት። ሰፊ ቤት ውስጥ ችግር የለም፤ ሌላ ቬሰል ከውጭ እንጨምራለን። ጠባብ ቤት ውስጥ ለእሱም ቦታ የለም።

ደግሞ ልለምናችሁ፤ ቦይለሩ ያለበትን ቁም ሳጥን የጤፍ ከረጢትና የምጣድ ማስቀመጫ አታድርጉት። ቦታ ሲጠብ ሁሉም እዚያ እንደሚከማች አውቃለሁ። ዛሬ የሚሸጡት ኮምቢዎች ለማቃጠል የሚያስፈልጋቸውን አየር ከውጭ ስለሚስቡ የቤቱን አየር አይሻሙም። ቧንቧዎቹን የሚገፋ ከረጢት ግን አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም፤ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚደብቀውም ያው ከረጢት ነው።

ቦይለሩ የት ይሰቀል? ጭስ ማውጫው ይወስናል

ደንበኞች ሞዴል መርጠው ይጠሩናል፤ እኛ ግን በሩን ገብተን መጀመሪያ የምናየው የውጭውን ግድግዳ ነው። ፍሉ የምንለው ጭስ ማውጫ የት ይወጣል? ከሚከፈት መስኮት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። በብርድ ቀን የሚወጣው ነጭ እንፋሎት በረንዳው ላይ የሚቀመጠውን ጎረቤት እንዳያስቀይምም ይታሰባል። ፍላቱ በሊዝ የተያዘ ከሆነ የውጭው ግድግዳ የእናንተ አይደለም፤ አዲስ ቀዳዳ ከመቀደዱ በፊት የሕንፃውን ባለቤት ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ከፍላታችሁ መሐል ተነሥቶ በኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ ፍሉ ካለ መፈተሻ በሮች ሊኖሩት ይገባል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ወዲህ በሮቹ የሌሉትን ባለሙያው «አደጋ ሊያስከትል የሚችል» ብሎ መመዝገብና እናንተ ስትፈቅዱ ማጥፋት ይጠበቅበታል። አዲስ ቦይለር ገዝተው ኮርኒሱን ሳያስቡ የቀሩ ሰዎች፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ሳሎን መሐል ተቀምጦ ወጪው በእጥፍ ሲያድግ ያያሉ።

ሌላው በየጊዜው የሚረሳው የውሃ ማስወገጃው ነው። ከ2005 ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ የሚገጠሙት ቦይለሮች ከጭሱ ውስጥ ያለውን ሙቀት ስለሚያወጡ ቀለል ያለ አሲድነት ያለው ውሃ ያንጠባጥባሉ። ይህ ውሃ በቤት ውስጥ ወደ ወጥ ቤቱ ፍሳሽ ቢገባ ይሻላል። በቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ ከተለቀቀ በረዶ ይዘጋዋል፤ ቦይለሩም ይቆማል። በዲሴምበር 2010 ቅዝቃዜ የብዙ ሰው ቦይለር የቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የውስጥ ዕቃው ጤነኛ ነበር። ወደ ውጭ መውጣቱ ግድ ከሆነ 32 ሚሊሜትር ወፍራም ቧንቧ፣ በመከላከያ የተሸፈነ፣ አጭርና ተዳፋት ይሁን።

ከፍ ባሉ የካውንስል ሕንፃዎች የምትኖሩ ከሁሉ በፊት ጋዝ መኖሩንና መፈቀዱን አረጋግጡ። በሜይ 1968 በምሥራቅ ለንደን ኒውሃም ውስጥ ሮናን ፖይንት የተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ አንድ ጥግ ተደረመሰ። ምክንያቱ 18ኛ ፎቅ ላይ የደረሰ የጋዝ ፍንዳታ ሲሆን አራት ሰዎች ሞተዋል። በተመሳሳይ መንገድ በትልልቅ የኮንክሪት ግድግዳዎች የተገጣጠሙ ብዙ ሕንፃዎች ጋዝ እንዳይገባባቸው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ «የኤሌክትሪክ ኮምቢ አለ፤ ያው ነው» ከተባላችሁ ጠንቀቅ በሉ። 12 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ኮምቢ በክረምት በደቂቃ የሚሰጠው 5 ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ ነው፤ የኤሌክትሪክ አንድ ዩኒት ዋጋም ከጋዙ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ለምን ሁልጊዜ አንድ ሞዴል ይመክራችኋል?

ትልልቆቹ አምራቾች ለባለሙያ የነጥብ ሥርዓት አላቸው። ቦይለሩን ገጥመን ስናስመዘግብ ነጥብ ይገባልናል፤ ነጥቡ ወደ መሣሪያ ወይም ወደ ገንዘብ ይቀየራል። በአምራቹ የሠለጠነና የተመዘገበ ባለሙያ ደግሞ ለደንበኛው ረዘም ያለ ዋስትና መስጠት ይችላል፤ ያው ቦይለር በአንዱ እጅ 5 ዓመት፣ በሌላው እጅ 10 ዓመት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ባለሙያውን እንድትጠረጥሩ አይደለም። አንድ ሞዴል ደጋግሞ የገጠመ ሰው ድምፁን ሰምቶ ብልሽቱን ይለያል፤ መለዋወጫውም መኪናው ውስጥ አለ። ይህ ለእናንተም ጥቅም ነው። ብቻ «ለምን ይሄን?» ስትሉት መልሱ ስለ እናንተ ቤት መሆን አለበት፦ ስለ ውሃችሁ፣ ስለ ግድግዳችሁ፣ ስለ ጋዝ ቧንቧችሁ። «ይሄ ምርጥ ብራንድ ነው» ብሎ ካቆመ መልስ አልሰጣችሁም።

ስለ ብራንድ ካነሣን፣ ስማቸው የተለያየ ሆኖ አንድ ቤተሰብ የሆኑ አሉ። ግሎውዎርም የቫይላንት ቡድን ነው። ባክሲ፣ ፖተርተንና ሜይን በአንድ ባለቤት ሥር ናቸው። ርካሹ ስም ሁልጊዜ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዋስትናው ርዝመትና በመቆጣጠሪያው ነው። ከኔዘርላንድ የሚመጣው ኢንተርጋስ ደግሞ ኮምቢዎቹን ያለ መቀየሪያ ቫልቭ ይሠራል፤ ያ ቫልቭ በሌሎች ኮምቢዎች ውስጥ ደጋግመን ከምንቀይራቸው ክፍሎች አንዱ ስለሆነ ባንኮኒው ዘንድ የሚያመሰግኑት አሉ።

ዋስትናውን በሚመለከት ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡ። የ10 ዓመት ዋስትና በየዓመቱ ሰርቪስ ካልተደረገና ካልተመዘገበ ይፈርሳል። አሮጌ ራዲያተሮች ውስጥ የተከማቸ ጥቁር ዝቃጭ ያበላሸውን አይሸፍንም፤ ስለዚህ መስመሩ ሳይታጠብ አዲስ ቦይለር አታስገጥሙ። የለንደን ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ንጣፍ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ሙቀት መለዋወጫ ሰሌዳ ላይም ይጋገራል። ኖራ መቀነሻ በዋጋው ውስጥ ይካተት እንደሆነ ጠይቁ።

ከተገጠመ በኋላ የሚታለፈው

ቦይለሩ ተሰቅሎ ሲያበቃ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ውሃ ብዙ ጊዜ 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንደሆነ ይተዋል። እንዲህ ሲሆን ያ በካታሎግ ላይ ያነበባችሁት ከ90 በመቶ በላይ ብቃት አይገኝም፤ ቦይለሩ ከጭሱ ሙቀት በደንብ መሰብሰብ የሚችለው ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነውና። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት የራዲያተሩን ውሃ ወደ 55 ወይም 60 ዝቅ እንዲያደርግ ጠይቁት። ቤቱ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ግን ይቆያል። የሻወሩ ሙቀት የሚስተካከለው በሌላ ቁልፍ ስለሆነ አይነካም።

እንግሊዝ ውስጥ ከአፕሪል 2018 ወዲህ ከኮምቢ ጋር ከሰዓትና ከሙቀት መቆጣጠሪያ በተጨማሪ አንድ ጋዝ ቆጣቢ ዘዴ አብሮ መገጠም አለበት። ከተፈቀዱት አራት ዘዴዎች ቀላሉ በስልክ የሚታዘዝ ቴርሞስታት ስለሆነ ብዙዎቻችን እሱን ሰቅለን እንሄዳለን። ችግሩ፣ አንዳንዶቹ ቦይለሩን «ተነሣ» እና «ጥፋ» ከማለት በቀር ሌላ አያውቁም። ዝቅ ማለት የሚችል ቦይለር ገዝታችሁ ዝቅ በል የማይለውን ቴርሞስታት ካስገጠማችሁ ከላይ ያወራነው ሁሉ ከንቱ ነው። እሳቱን ደረጃ በደረጃ የሚያዝ፣ በተለይ የአምራቹን የራሱን መቆጣጠሪያ ጠይቁ።

«ወንድማችን ነው» ፈቃድ አይደለም

የመጨረሻው ሹክሹክታ በእኛው መካከል ያለ ነው። በጥሬ ገንዘብ፣ ቅዳሜ ማታ፣ በግማሽ ዋጋ የሚገጥም «አንድ ልጅ አለ» የሚባል ነገር አለ። ከአፕሪል 1 ቀን 2009 ጀምሮ የቀድሞውን የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ ኮርጊን ተክቶ የመጣው ጋዝ ሴፍ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው የሌላውን ሰው ቤት የጋዝ ሥራ ቢሠራ ወንጀል ነው። መታወቂያ ካርዱን ጠይቁና ጀርባውን አንብቡ፤ ሰውየው የትኞቹን ሥራዎች እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የተጻፈው እዚያ ነው። ማፈር የለም። ጨዋ ባለሙያ ሳይጠየቅ ያወጣዋል።

በደንቡ የተገጠመ ቦይለር ለሕንፃ ቁጥጥር ይመዘገባል፤ የምስክር ወረቀቱ በፖስታ ይመጣላችኋል። ቤቱን የምትሸጡ ቀን የገዢው ጠበቃ ይጠይቀዋልና አስቀምጡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያሳውቅ ደወልም ቦይለሩ ባለበት ክፍል ይኑር። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ በእንግሊዝ ማከራያ ቤቶች ውስጥ ግዴታ ሆኗል፤ በራሳችሁ ቤትም ያው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። አንድ መታጠቢያ ቤት ላለው ጠባብ ፍላት ከ24 እስከ 30 ኪሎዋት፣ ወደ 3 ኪሎዋት ዝቅ ማለት የሚችል፣ ከነቧንቧውና ከነፍሉው ግድግዳችሁ ላይ የሚበቃ፣ እሳቱን የሚያዝ መቆጣጠሪያ ያለው ቦይለር ይበቃችኋል። 35ን ለሁለት መታጠቢያ ቤትና ለጠንካራ የመንገድ ውሃ ተዉት። ከመፈረማችሁ በፊት ባለሙያው የውሃውን ፍሰት ለክቶ፣ የጋዝ ቧንቧውን ከቆጣሪው ድረስ ተከትሎ፣ የቦይለሩን ዝቅተኛ ኪሎዋት በጽሑፍ ይስጣችሁ። ሦስቱን ሳያደርግ ዋጋ የጠራላችሁን ሰው አመስግናችሁ ሸኙትና ሌላ ጥሩ።